ለአረፋ የተዘጋው ፕሮግራም

ሰይፉ የሒሳብ መምህር ነው፤ ዲግሪ አለው። ቢሆንም ለጥናቱ ወደሚጠቀምበት የኮምፒውተር የቁጥር ማስሊያ ፕሮግራም መግባት እንጂ ከእሱ መውጣት አያውቅም። አገባቡን ያሳየው ዮሲ የሚባል የድሮ ተማሪው ነው፤ ያውም በስልክ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ።

"ስሙን ሁለቴ ይንኩት ቲቸር። ሁለት የቀስት ጫፍ ካሳየዎት እየጠበቀዎት ነው፤ ይጻፉለት።"

አወጣጡስ ቢለው፣ እሱ ሲደርስ ይደረስበታል ብሎ ከታክሲው ወረደ።

ሰይፉ ጻፈለት። ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ራምዚ ኮምፒውተር በሰዓት የሚያከራይባት ቤት አለች። እዚያ ተቀምጦ፣ በመስቃን ቀበሌዎች ዞሮ የለካውን የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጉድጓዶች ውኃ፣ የዓመቱን በየወሩ፣ ከደብተሩ እያነበበ አሥራ ሰባት ቀን ለቀስቶቹ ሲመግብ ከረመ። ፋይል ውስጥ አላስቀመጠውም። ፕሮግራሙ የነገሩትን ሁሉ እያስታወሰ ሲመልስለት አይቶ፣ የያዘለት መስሎታል።

የሁለተኛ ዲግሪው ጥናት ነው። ወልቂጤ ያሉት አማካሪው ሁለቴ አራዝመውለታል። ሦስተኛው ቀነ ገደብ ከአረፋ በኋላ ባለው ሰኞ ያልቃል፤ ያኔ ካላስረከበ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል።

ራምዚ ኮምፒውተሩ በኃይል እንዳይጠፋ አደራ ስለተባለ መብራት በሄደ ቁጥር ጀነሬተር ያስነሳል፤ ሌላ ደንበኛ ሲመጣም "ያ ታሟል" ብሎ ይመልሳል።

አረፋ ደረሰ። ለአረፋ አገር ቤት የሚገባ ሰው ሱቁ ውስጥ ምንም ነገር አብርቶ አይሄድም፤ የራምዚ እናትም ደውለው፣ ሶኬት ላይ የተሰካ ነገር እንዳይቀር አስማሉት። ሱቁ አምስት ቀን ተዘጋ።

እሑድ ጠዋት ሰይፉ ሲመጣ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

"አይዞዎት ጋሼ፣ በኃይል አላጠፋሁትም" አለ ራምዚ። "ወጉን ከስልክ ላይ ፈልጌ፣ ኤግዚት ብዬ ጽፌ፣ በሥርዓት ነው የዘጋሁት።"

ሰይፉ፣ ሲወጣ ምንም አልጠየቀህም ወይ አለው።

"ምንም። ሌላው ላስቀምጥ አላስቀምጥ እያለ ይነተርካል። ይሄ ጨዋ ነው፤ ዝም ብሎ ወጣ።"

ሰይፉ ፕሮግራሙን ከፈተው። የአንዱን ጉድጓድ ስም ቢጽፍለት፣ እንዲህ የሚባል ነገር አላውቅም አለው። አማካሪው ዘንድ ደወለ። እሳቸውም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳምጠው፣ ደንቡን ያወጡት እሳቸው እንዳልሆኑ ነግረው፣ ለልጆቹ ሰላምታ ልከው ስልኩን ዘጉ።

ራምዚ ደብተሩን አንስቶ ያነብለት ጀመር፤ ሰይፉ ይጽፋል። ሠላሳኛው ላይ ሲደርሱ ራምዚ ቆም አለ።

"ይሄ የአክስቴ ጉድጓድ ነው። ለአረፋ ስሄድ አየሁት፤ ደርቋል።"

ሰይፉ ደብተሩ እንደሚለው ጻፈ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ አርባ አንደኛው ላይ ነበሩ። ራምዚ ወንበሮቹን አነሳስቶ መጣ።

"ፕሮግራሙ እንደበራ ይደር ወይስ ልዝጋው ጋሼ?"

ሰይፉ ለነገ ሰኞ የቀረውን የደብተር ገጽ በአውራ ጣቱ ለካው።

"ዝጋው" አለ።