የአክስቴ መዳፍ እና ሁለቱ ዲስኮች

ኮምፒውተሩ የተነሳው ከየትኛው ዲስክ ነው?

አክስቴ ጥያቄው አልገባትም። ስክሪኑ በርቷል፣ የጥልፍ ማሽኗ ፕሮግራም ተከፍቷል፣ በአሥራ አራት ዓመት የሠራቻቸው ንድፎች ተደርድረዋል። ልታጨበጭብ እጆቿን አንስታለች።

«ቆይ እትዬ» አልኳት።

አሮጌው ዲስክ ከሳምንት ወዲህ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል። እሱ ካለቀለት ማሽኑም አለቀለት፤ ፕሮግራሙን የጫነላት ሰው የት እንደገባ አይታወቅም፣ እንደገና የሚጫንበት ሲዲም የለም። ስለዚህ ሲስተሙን እንዳለ ወደ አዲስ ዲስክ ስገለብጥ ዋልኩ። ችግሩ፣ ግልባጩ እስከ መለያ ቁጥሩ ድረስ ከዋናው ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ተሰክተዋል። ስክሪኑን ባየሁት ቁጥር አንዴ ይሄኛው፣ አንዴ ያኛው ይመስለኛል።

«ይሄን ለማወቅ ነው ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ የተማርሽው?» አለችና መዳፎቿን በሁለቱ ዲስኮች ላይ አሳረፈች። «በይ ንድፍ ክፈቺ።»

ከፈትኩ።

«ዝጊው። ሌላ ክፈቺ።»

ከፈትኩ።

«አሮጌው ነው። በከፈትሽ ቁጥር መዳፌን ይኮረኩረኛል። አዲሱ ለጥ ብሎ ተኝቷል።»

እንድትሳሳት ተመኘሁ። አጥፍቼ አሮጌውን ነቀልኩትና እንደገና አበራሁ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ሞተ?» ድምጿ ቀጠነ።

«አልሞተም። ሁሉን ገልብጬ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነባትን ማስነሻ ረስቻታለሁ።»

«ጉድ ነው! ቀሚሱን ሰፍተሽ አንገቱን ሳትከፍቺው!»

እየሳቅሁ ኮምፒውተሩን በፍላሽ አስነስቼ ማስነሻዋን አዲሱ ዲስክ ላይ ጻፍኩ። ፍላሹን ነቅዬ አበራሁ። ፕሮግራሙ መጣ። አክስቴ ቀይ ክር አስገብታ ቁልፉን ስትጫን መርፌው ጨርቁ ላይ መሮጥ ጀመረ። አንድ ቅጠል፣ ሁለት፣ አምስት፤ አበባው ሞላ። የዚያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤታችንን ጫማ ሰፊውን ከነመዶሻው አስሮጠው።

«ምን ሆናችሁ?»

«ማሽኔ ዳነልኝ!»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ሌባ የገባ መስሎኝ!» አለና እሱም አጨበጨበ።

አክስቴ አበባውን ፎቶ አስነሳችኝ። «‹ማሽኑን ለቁራሌ ሽጪው፣ አዲስ ላምጣልሽ› ለሚለኝ ነጋዴ ላኪለት። ‹ማሽኔ ከአንተም ከእኔም ይበረታል፤ ኮትህን ይዘህ ና፣ አበባ እጠልፍልሃለሁ› በይው።»

ቃል በቃል ጽፌ ላክሁለት። መልእክቱን እንዳየው ስልኩ ያሳያል። አክስቴ ቀዩን ክር ለኮቱ ብላ አስቀምጣለታለች።