ከኋላ ያሉት አልሰሙም

እኔ ሰውዬው ግትር ነኝ፤ ሰው ሳይነግራችሁ ራሴ ልንገራችሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የጋዜጣ ገጽ ሳቀናብር ኖሬአለሁ፤ መጀመሪያ በእርሳስ ፊደል፣ አሁን በኮምፒውተር። አንዲት መስመር ለአመል ያህል ከጎበጠች እንቅልፍ አይወስደኝም። ሠፈሩ ለዚህ ነው «ሚሊሜትር» ብሎ ስም ያወጣልኝ። ድሮ እናደድ ነበር። አሁን የምናደደው ጠሪውን አይቼ ነው።

የከተማችን ጋዜጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣል። ዋና አዘጋጇ ልጄ ናት። አዎ፣ የገዛ ልጄ፣ የአብራኬ ክፋይ፣ አለቃዬ ናት። ቤት ውስጥ «አባዬ፣ አንተ» ትለኛለች፤ የቢሮውን ደጃፍ ከረገጥን ግን «እርስዎ» ነኝ፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ። ቢሮው ስል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ወረቀት ማኘክ የሚወድ አሮጌ ማባዣ ማሽን።

በዚህች ክፍል አንድ ደንብ አለ። የተሳሳተ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ስህተቱን ባወቀበት ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ የበደለው ሰው ደጃፍ ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ እርማቱንም ቆሞ ያነብለታል። ሰው መላክ የለም፣ ስልክ መደወል የለም። ቅዳሜ ደግሞ እርማቱ በፊት ገጽ አናት ላይ ይወጣል፤ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ተጽፎ። ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ልጄ ሥራ በጀመረች ሰሞን አንዲትን አስተማሪ «ከሥራ ተባረሩ» ብላ ጻፈችባቸው፤ የተባረሩት ሌላ ሆነው ተገኙ። «አባዬ፣ በስልክ ይቅርታ ልጠይቃቸው» ብላ አለቀሰች። «እግር የለሽም?» አልኳት። እያለቀሰች ሄደች። እኔም እንዳታየኝ እስከ መታጠፊያው ድረስ በሩቅ ተከተልኳት፤ ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

እንግዲህ የዚያን ሰሞን ነገር። ከተማችን ያለው አንድ ማተሚያ ቤት ነው። ስለ ቧንቧው ውኃ መቆሸሽ የጻፍነው ከወጣ በኋላ ባለቤቱ «ማሽኑ ሥራ በዝቶበታል» አለን። የበዛበት ለእኛ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያች አሮጌ ማባዣ እየታገልን እናወጣለን። መካኒኩ አንድ ቀን ሆዷን ከፍቶ አየና «ከሁለት ወር ካለፈች እኔን ጥሩኝ፣ ተአምር ማየት እወዳለሁ» አለ።

በዚህ መሐል ነው ልጄ በየአገሩ ላሉ፣ የማንም ጭራ ላልሆኑ ትንንሽ ጋዜጦችና ሬዲዮ ጣቢያዎች ለሚቆም አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የጻፈችው። ድርጅቱም «ተወካያችን ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ መጥታ ታያችኋለች» ብሎ መለሰ። ሴትየዋ ካመነችብን ማተሚያ ማሽን እናገኛለን፤ ካላመነችብን ጋዜጣችን አበቃለት። ነገሩ ይኸው ነው።

እኔስ? እኔ ሳምንቱን መርጬ ተሳሳትኩ።

ሪፖርተራችን ጥላውን የሚጠራጠር ልጅ ነው። የስድስት ዳቦ ቤቶችን ዳቦ በሦስት የተለያየ ቀን ገዝቶ መዘነ። አምስቱ ልክ ናቸው፤ አንዱ ከሚዛን ያጎድላል። ጻፈው፣ የስድስቱንም ፎቶ ጨመረበት። የአጉዳዩ ፎቶ ጨለማ ነው፣ ጠማማ ነው፣ ግማሹ የመንገደኛ ትከሻ ነው። ከሥሩ ግን አንድ ፎቶ አለ! አረንጓዴ በር፣ ደህና ብርሃን፣ ቀጥ ያለ። የአጉዳዩም በር አረንጓዴ ነው፤ መንገዱም ያው ነው። «ያው እሱው ነው» ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ያማረውን አስገባሁ። ከሥሩም «ሚዛን የሚያጎድለው ዳቦ ቤት» ብዬ ጻፍኩበት። ቅዳሜ ጠዋት ገጹን በክንዴ ርቀት ይዤ እያየሁ ራሴን አመሰገንኩ።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ በዚያ መንገድ ሳልፍ አረንጓዴውን በር አየሁት። ሁለት ደረጃ አለው፤ የታችኛው ጥጉ ተሸርፏል። ያ ሽራፊ በፎቶው ላይ ነበር። ቀና ብዬ ስሙን አነበብኩ። አጉዳዩ ይህ አይደለም። አጉዳዩ አርባ እርምጃ ወደ ታች ነው።

ዳቦ ጋጋሪው እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላው መደርደሪያው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በዚያ ሰዓት ባዶ መሆን ነበረበት።

«ይግቡ እንጂ አባባ» አለኝ። «ሰዉን ምን እንደነካው እንጃ፣ ከቅዳሜ ወዲህ ፊቱን አዞረብኝ።»

«ጋዜጣ አያነቡም?» አልኩት።

«ከሊጥ ጋር ስታገል ውዬ ጋዜጣ በየት በኩል!»

ሁለት ዳቦ ገዝቼ እንደ ሌባ ሹልክ አልኩ። ቤት ገብቼ መዘንኩት። ልክ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ያልፋል። ምነው በጎደለ አልኩ፣ አፈር ልብላና!

ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ፤ የኔ ማሰብ ደግሞ ሁልጊዜ ወደሚመቸኝ ነው። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሴትየዋ ነገ ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ ትሄዳለች። እሷ ስትሄድ እናገራለሁ፤ እርማቱም ቅዳሜ ይወጣል። ሁለት ቀን ምን አላት? የሌላውን ሚዛን ስንመዝን የራሳችን ሚዛን ተንጋዶ ስታይ ምን ትላለች? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አትልም? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ታዲያ ይደር! አልኩና ተኛሁ። ተኛሁ ማለቴ ጋደም አልኩ።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ልጄ ሣህኔን አየችና «አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። ለሷ መዋሸት አልችልበትም፤ እናቷም በሕይወት ሳለች አስችላኝ አታውቅም። ዘረገፍኩት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ትናንት።»

«ትናንት!»

«ለአንቺ ብዬ ነው! ለማሽኑ ብዬ! ዛሬ እኮ…»

ተነሳች። መሐረቧን አነሳች፣ ጫማዋን አደረገች፣ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ቢሮ እንገናኝ፣ እርስዎ» አለችኝ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ማዕዴ ላይ «እርስዎ» ተባልኩ። ሃያ ጥፊ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮ ስደርስ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቀኛል። ጻፍኩና ሰጠኋት። «በተፈጠረ ጥቃቅን የቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብዬ ነበር የጀመርኩት።

«ቴክኒኩ ማን ነው?» አለችኝ።

በቀይ ሠረዘችው። ሪፖርተሩ ሳቁን ለመደበቅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። እንደገና ጻፍኩ፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ቀረ። «ባለፈው ቅዳሜ ሚዛን ስለሚያጎድለው ዳቦ ቤት ከወጣው ዜና ጋር ያተምነው ፎቶ የሌላ ዳቦ ቤት ነው። በፎቶው ላይ የሚታየው ዳቦ ቤት ሚዛኑ ልክ ነው። ስህተቱን የሠራው ገጽ አቀናባሪው ነው።»

«ይሂዱ» አለችኝ።

«እንግዳዋ አሥር ሰዓት ትመጣለች። ገጽ አቀናባሪው የት ሄደ ብትልሽስ?»

«የሄዱበትን እነግራታለሁ።»

ያን ማሽን ከእኔ ይልቅ የምትፈልገው እሷ ናት፤ ስንት ሌሊት ማመልከቻውን ስትጽፍ እንዳነጋች አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። «ይህችን ልጅ ማን አሳደጋት!» እያልኩ ደረጃውን ወረድኩ። መልሱ መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ የበለጠ ተናደድኩ።

ዳቦ ጋጋሪው ፊት ቆሜ አነበብኩለት። ዱቄት የነካ እጁን በሽርጡ ጠረገና ወረቀቱን ተቀብሎ ገልብጦ አየው።

«ያኔ እርስዎ ነዎት ማለት ነው» አለኝ። «ትናንት ዳቦ የገዙኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህ በተሻለኝ። «ለእኔ ቢነበብልኝ ምን ይፈይዳል?» አለ። «እኔ እንደሆነ ሚዛኔን አውቃለሁ። ለእነሱ ያንብቡላቸው።» ባሻገር ያለውን የአውቶቡስ መጠበቂያ አሳየኝ። «አሁን ባዶ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ከሥራ ሲወጣ ይሞላል። እስከዚያው ይቀመጡ።»

የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ። አሥር ሰዓት ሆነ። አሁን ደረጃውን እየወጣች ነው አልኩ። አሁን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አሁን «ገጽ አቀናባሪውስ?» አለች። በቃ፣ ማሽኑ ሄደ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሰውየው ክንዴን ይዞ መንገዱን አሻገረኝ፤ ባዶ ሣጥን ገልብጦ አቆመኝ። ሰልፉ እስከ መታጠፊያው ይደርሳል። አነበብኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ይድገሙት።»

ደገምኩት። «አባባ፣ ገጽ አቀናባሪው ማን ነው?» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች።

«እኔ ነኝ!»

«ታዲያ መነጽርዎን ይቀይሩ!» ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳቅ አመለጠኝ።

«አሁንም ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለ ያ ጨካኝ። ሦስተኛውን እንደ ቤት ሻጭ ደላላ ጮኼ አነበብኩት። አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ወጥተው መንገዱን ተሻገሩ፣ አረንጓዴውን በር ገቡ። ከዚያ ሁለት ሰው፣ ከዚያ አንድ አምስት። ከሣጥኑ ስወርድ ከሰልፉ መጨረሻ ልጄን አየኋት። አጠገቧ በኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ቦርሳ ያነገተች ሴት ቆማለች። ዳቦ ይዛለች።

በማግሥቱ ጠዋት ሴትየዋ ቢሮ ተቀምጣ ልጄን «በጽሑፍ የተቀመጠ የአሠራር መመሪያ አላችሁ?» አለቻት። ልጄ መሳቢያውን ከፍታ የእርማቱን ደብተር ሰጠቻት፤ የእያንዳንዳችን ጉድ ከነቀኑ ተለጥፎበታል። ሴትየዋ ገጽ በገጽ አየችው። እሷም ድሮ የአንዲት ወደብ ከተማ ሬዲዮ አንባቢ እንደነበረች፣ ጣቢያው ሲዘጋ ማንም እንዳልደረሰላቸው ነገረችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አለቃዎ ባያስገድድዎት ኖሮ ይሄዱ ነበር?»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እሄድ ነበር ማለት ቀላል ነበር።

«ትናንት አልሄድም ነበር» አልኩ። «ይጻፉት።»

ጻፈችው።

ሁለት ወር ተኩል ጠበቅን። ማባዣዋ መካኒኩን አሳፍራ ሁለት ሳምንት ጨመረች፣ ከዚያ አረፈች። አንዲት ቅዳሜ ጋዜጣ ሳይወጣ ቀረ፤ ያን ቀን ልጄ ከቤት አልወጣችም። ሰኞ ደብዳቤው መጣ። ቆማ ታነብልን ጀመር። ማሽኑ ተፈቅዷል! ሪፖርተሩ «እርግጠኛ ነሽ? ፊርማ አለው?» እያለ ጠረጴዛውን ዞረ። እሷ ግን አንድ ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ቆመ፣ ዘላ ልታልፈው ፈለገች።

«ያለፍሽውን አንብቢ» አልኳት።

«ምንም አይደል አባዬ፣ ስለ አንተ ነው፤ ይቅር።»

በቢሮ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት «አንተ» አለችኝ። ቀማኋት። ካነበብኩ በኋላ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠረግኩት። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

ዳቦ ቤቱ እስከ ደረጃው ድረስ በሰው ተሞልቷል። ያ የኔ ገጽ፣ እርማቱ አናቱ ላይ ያለው፣ በመስታወት ተደርጎ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል። «ሚሊሜትር መጣ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ምን አጠፉ ደግሞ?»

«ዝም ብለህ ስማ» አልኩትና ደብዳቤውን ዘረጋሁ። «"ገጽ አቀናባሪው ባይገደዱ ኖሮ እንደማይሄዱ ነገሩን። ያስገደደቻቸው የገዛ ልጃቸው ናት፤ ያውም ዕጣዋ በእጃችን በነበረበት ሰዓት። ይህን ጋዜጣ የመረጥነው ስለማይሳሳት አይደለም። እንዲህ ያለች አዘጋጅ ስላለችው ነው።"»

ዳቦ ጋጋሪው ሚዛኑን ተደግፎ አየኝና ወደ በሩ፣ እስከ ደረጃው ድረስ ወደቆሙት ሰዎች አገጩን ቀና አደረገ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለ። «ይድገሙት።»

ደገምኩት።