የጨፌው ግዝት

«ከሰው ነው ወይስ ከከብት? እሱን ብቻ ንገረኝ!» አለ ባምላኩ፣ ዱላውን ከጨፌው ዳር ተክሎ።

«አያ ባምላኩ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ» አለ ጭቃ ሹሙ አንሙት። «ይለፍ ቢሉት ምን አለበት? ጣሊያኑ ካፒቴን እዚሁ ቆሞ ይሰማል።»

«ቢሰማ ምን ሊገባው? ግዝቱ ሰውም ከብትም እስከ ጥር ጊዮርጊስ ጨፌውን እንዳይረግጥ ነው የሚለው። ጣሊያንህ ከሁለቱ ባንዱ ከተመደበ እመልሰዋለሁ። ከሁለቱም ካልሆነ እኔም አላየሁት።»

አንሙት ነገሩን ወደ አባ ፍቅረ ሥላሴ አዞረው። ክረምት በወጣ ቁጥር ምእመኑን ሰብስበው ይህን ውሃ የተኛበትን መስክ የሚገዝቱት እሳቸው ናቸው። አባ ጢማቸውን ሲያፍተለትሉ ቆይተው፣

«ካቶሊክ ነው» አሉ። «የኔ ግዝት እሱ ላይ ይደርስ እንደሆነ መጽሐፍ ማየት አለብኝ።»

«መጽሐፉስ የት ነው?»

«ቤት።» አባ ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም።

ባምላኩ ጨፌውን ሲጠብቅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የአማቱን ጊደር አባሯል፤ የአባን በቅሎ እንኳ በዱላ ሸኝቷታል። ከጥር በኋላ በዚህ አገር ከዚህ ሣር በቀር ለከብት የሚቀመስ ነገር የለም፤ እሱም ያለው አንድ ጥንድ በሬ ነው። ዛሬ የመጣው ግን ጊደር አይደለም። ካፒቴኑ ከደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣው ወፍ ሊያይ ነው። እግረ መንገዱንም መሬቱን ይመለከታል፤ ከተስማማው የጦሩ አርባ በቅሎ ከነገ ጀምሮ እዚህ ይሰማራል። አርባ በቅሎ ደግሞ በሦስት ቀን ጨፌውን አውድማ ያደርገዋል።

አስተርጓሚው ወልደ ሚካኤል የካፒቴኑን አሮጌ ባርኔጣ ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ጌታዬ ‹ይብራ የሚባሉት የውሃ ወፎች የሚበዙት የት ጋ ነው?› ይላል።»

«ሊበላቸው ነው?» አለ አንሙት ፊቱን አጨፍግጎ።

«ሊጽፋቸው ነው።»

«ምን ብሎ?»

«ስንት እንደሆኑ።»

«ግብር ሊጥልባቸው ነዋ!» አለ ባምላኩ። ከዚያ በአገጩ ጠቆመ። «እዚያ ብሩህ አረንጓዴው ጋ ናቸው።»

አልዋሸም። ይብራ የሚወደው እሱን ነው። ጨፌ ላይ ከሁሉ አብልጦ ያማረው አረንጓዴ ከሥሩ አረንቋ መሆኑን በዚህ አገር ጡት የጣለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ስለ አረንቋ የጠየቀው ግን የለም።

ካፒቴኑ አንገቱ ላይ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንጠልጥሎ ገባ። ጋጋኖዎች ከላይ እየተንጫጩበት አለፉ። ይብራዎቹ ፈንጠር አሉ፤ ሰውየው ቆሞ ሲቀር ጊዜ ግን ጉቶ መሰላቸውና ተመልሰው በዙሪያው ይግጡ ጀመር። አንዱ ሰማያዊ ክንፉን ዘርግቶ ክንዱ ሥር ተንጠራራ። ካፒቴኑ ይጽፋል። ረግረጉ ጉልበቱ ደረሰ፤ ገጽ ገለበጠ። ጭኑ ሲደርስ እግሩን ሊያነሣ ሞከረ። ያን ጊዜ የጮኸው ጩኸት አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

«አውጡት እንጂ!» አለ ወልደ ሚካኤል።

ሁሉም ወደ አባ ዞረ።

«ግዝቱን ይፍቱታ!» አለ አንሙት።

«በሕዝብ ፊት የገዘትኩትን በሕዝብ ፊት ነው የምፈታው። ሕዝቡ ደግሞ ሮብ ገበያ ወርዷል።»

«አንተስ?» አለ ባምላኩ ወልደ ሚካኤልን። «ጌታህ አይደለም? ግባና አውጣው።»

ወልደ ሚካኤል አረንቋውን አየ፤ ጫማውን አየ። «እኔም እኮ ክርስቲያን ነኝ» አለ። ባምላኩ ይህን ከአፉ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ሰውየው እዚህ ከሰጠመ ነገ የሚመጣው በቅሎ ሳይሆን እሳት ነው። ደግሞም ጎስቋላው እስከ ወገቡ ገብቶ፣ መጽሐፉ እንዳይርስ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይዞታል። ባምላኩ ተሳደበና ሁለቱን በሬዎቹን ከጨፌው ውጭ ያሰረበትን ጠፍር ፈትቶ፣ ቀጣጥሎ ወረወረለት። አራቱም ከዳር ሆነው ሳቡ፤ አባም ጭምር። ካፒቴኑ እንደሚወለድ ጥጃ በደረቱ እየተንሸራተተ ወጣ። አንድ ቦቲ ጫማው አረንቋው ውስጥ ቀረ። መጀመሪያ ያየው መጽሐፉን ነው፤ ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ።

«አርባ ስምንት ናቸው ይላል» አለ ወልደ ሚካኤል።

«በቅሎዎቹ?»

«ይብራዎቹ። በቅሎ እዚህ የሚያሰማራማ እብድ ነው ይላል።»

ባምላኩ ደስ ብሎት ጠፍሩን ይጠቀልል ጀመር።

«ጠፍሩ ግን ገብቷል» አሉ አባ።

«ምን አሉ?»

«ጠፍር የበሬ ቆዳ ነው። ከብት ገብቷል።»

«የሞተ በሬ እኮ ነው፣ አባ!»

«ግዝቱ በሕይወት ያለ ከብት አላለም።»

«እርስዎም ስበዋላ! ንስሐው ከእርስዎ ይጀመር!»

«ቆይ፣ ቦቲውስ?» አለ አንሙት። «እሱም ቆዳ ነው። እስከ ጥር ጊዮርጊስ እዚያው ሊከርም ነው?»

«እሱ የጣሊያን ከብት ነው» አሉ አባ። «መጽሐፍ ማየት አለብኝ።»

«ይነሡና ይዩዋ!» ባምላኩ ዱላውን መልሶ ተከለ። «ጨፌው ጠባቂው እኔ ነኝ፤ የገባውንና ያልገባውን የምናገር እኔ!»

ከኋላቸው ካፒቴኑ በአንድ ጫማ በቅሎው ላይ ወጣ፤ ወልደ ሚካኤል ልጓሙን ያዘለት፤ የደብረ ማርቆስን መንገድ ይዘው ሄዱ።