ሐኪም ለዶልና ማላ

ናዚፌ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆና በተመረጠች ጊዜ የዶልና ማላ ሰፈር በክላርኔትና በከበሮ ጨፈረላት። ዕድሜዋን ሙሉ ባዛር ውስጥ ሰልባጅ ስትነግድ የኖረች ሴት ናት። ሮማ ከሚባሉት የመቄዶንያ አናሳ ሕዝቦች መካከል በዚያ ከተማ ምክር ቤት የገባች ሴት ከእሷ በፊት አልነበረችም። ባሏ ራሚዝ በየደረሰበት “ሚስቴ እኮ የምክር ቤት ሰው ናት!” እያለ ደረቱን ነፋ።

እሷ ግን የተወዳደረችው ለጭፈራ አልነበረም። ባለፈው የበረዶ ወቅት ምራቷ ኤልማዝ እርጉዝ ሳለች ደም ይፈሳት ጀመር። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ የማህፀን ሐኪም ኖሮት አያውቅም። በአውቶቡስ መሃል ከተማ ወሰዷት። አንዱ ክሊኒክ “የእኛ ታካሚ አይደለሽም”፣ ሌላው “ነገ ተመለሺ” ሲላት፣ ከበር በር ስትንከራተት ፅንሱ ወረደ። ናዚፌ ቤት ስትመለስ አላለቀሰችም። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣ፣ “ሐኪም እዚሁ ይመጣል። እኔ አመጣዋለሁ” አለች።

ምክር ቤት ከገባች በኋላ ግን ጥያቄዋ ሁልጊዜ ከአጀንዳው መጨረሻ ይቀመጣል፤ ተራው ሲደርስ ሰዓቱ ያልቃል። ሰብሳቢው ትራይቼ ፈገግታ የማያልቅበት፣ ነገር ግን ጠብ የሚል ነገር የሌለው ሰው ነው።

“ወይዘሮ ናዚፌ፣ እርስዎ ሰፈር መሥራት የሚፈልግ ሐኪም ከየት ይምጣ?” ይላታል።

ስለዚህ ራሷ ፈለገች። የማህፀን ሐኪሟ ዶክተር ስፓሲያ ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል። ቤታቸው ስትደርስ በረንዳ ላይ ለበረዶው ወቅት ስንቅ የሚሆን ቀይ ቃሪያ እየጠበሱ ነበር። ነገሩን ሰምተው፣ “ውሃና የሚቆለፍ በር ካለ እመጣለሁ። መጋረጃ ጋርጄ ሴት አልመረምርም” አሏት። የሰፈሩ ሴቶች ጤና ጣቢያው ውስጥ አሮጌ ወንበር የታጨቀበትን ክፍል አስለቅቀው ኖራ ቀቡት።

ይኼኔ ትራይቼ ቢሮው አስጠራት። “በጀቱ ሁለት ነገር አይችልም። ሐኪሙን ይተዉትና ዋናውን መንገዳችሁን አስፋልት ላልብስልዎ። ለሚቀጥለው ምርጫም ይጠቅምዎታል።”

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ራሚዝ በሞተር ጋሪ ቁርጥራጭ ብረት እየለቀመ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ጭቃው ስንት ጎማ በልቶበታል።

“አስፋልት ሰጥተውሽ እምቢ ልትይ?” ብሎ ጮኸባት። “ቡና ቤት ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ?”

“ምን ይሉሃል?”

“ሚስትህን አልቻልካትም!”

“እውነታቸውን ነው፣ አልቻልከኝም” አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ራሚዝ፣ አንተም እኮ አብረኸን አውቶቡሱ ውስጥ ነበርክ። የኤልማዝን እጅ ይዘህ ነበር።”

ራሚዝ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ለቀናት ከእሷ ጋር ማዕድ አልቀረበም። ድምፃቸውን የሰጧት ወንዶችም ሰላምታ ነሷት። ናዚፌ ከፋት፤ ፈራችም። ጥያቄዋን ግን አልተወችም።

በስብሰባው ቀን ሴቶቹን አስከትላ ሄደች፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ደንቡ ይፈቅዳል። ሕፃን የታቀፉ፣ ሆዳቸው የገፋ፣ ሁሉም አዳራሹን ሞሉት።

“ወንበር የለም” አለ ትራይቼ።

“ቆመን እንሰማለን ልጄ” አሉ አማቷ ሳብሪዬ። “አውቶቡስ ስንጠብቅ ለምደነዋል።”

አዳራሹ ሳቀ። ናዚፌ ሳቁ ሳይበርድ ተነስታ ጥያቄዋ ዛሬ መጀመሪያ እንዲታይ ጠየቀች፤ በድምፅ ተፈቀደላት። ትራይቼ እንደ ልማዱ፣ “ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሐኪሙ ግን የለም” ሲል ከኋላ አንዲት አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አለሁ!” አሉ ዶክተር ስፓሲያ። “እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁን ያዋለድኩት እኔ ነኝ። አንተማ ትራይቼ፣ ስትወለድ በጭንቅላትህ ፋንታ በእግርህ መጥተህ ስንት አበሳ አሳየኸን! እናትህ ያን ቀን ሐኪም ባታገኝ ዛሬ ሰብሳቢ አትሆንም ነበር።”

ትራይቼ ጆሮው ድረስ ቀላ። ድምፅ ተሰጠ፤ በጠባብ ልዩነት አለፈ። የተፈቀደው ግን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ሐኪሟ በሚጀምሩበት ማለዳ ናዚፌ ስትደርስ ራሚዝ ጠጠር በጋሪው እያመላለሰ ጤና ጣቢያው ደጅ ያለው ጭቃ ላይ ይደፋ ነበር። ቀና ብሎም አላያትም።

“እርጉዞቹ እንዳይወድቁ ነው” አለ።

“እግዜር ይስጥህ” አለችው፤ አካፋ አንስታም አገዘችው።

በሩ ሲከፈት ግን ማንም ቀድሞ የሚገባ ጠፋ። አንዷ ሌላዋን ትገፋለች። በመጨረሻ ሳብሪዬ ሻሻቸውን አጥብቀው፣ “ያን ሁሉ ልጅ ስወልድ አንድ ሐኪም ዞር ብሎ አላየኝም። ዛሬስ ትየኝ!” ብለው ገቡ። ሲወጡ ሴቶቹ ከበቧቸው።

“እጇ ይቀዘቅዛል እንጂ ሰው ናት። ምን ትገተራላችሁ? ግቡ!”

ቀጥላ ኤልማዝ ገባች።

በማግስቱ ናዚፌ ትራይቼ ቢሮ ተገኘች።

“ደግሞ ምን ፈለጉ?” አላት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። “የቀሩትን ቀናት።”