ሥራ አስኪያጇ የተቆጣች ዕለት

እናት ከሆስፒታል ወጥታ ልጇን ለማየት ስትደርስ፣ ልጅቷ ከቁመቷ የሚበልጥ ወንበር እየጎተተች አመጣችላትና «ይቀመጡ፣ ልብስዎ ሊደርስ ነው» አለቻት። ካውያ የሚገፉት ሠራተኞች በሳቅ ፈነዱ። እናትም አብራ ሳቀች። ምን ታድርግ? እንባዋን በምን ትሸፍነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል እናትየው ሳንባዋን ታመመች፤ በሽታው ተላላፊ ነውና ለያዩአቸው። ልጅቷን አክስቷ ወሰደች። አክስትየው የልብስ ንጽህና ቤት አላት፤ ደግ ሴት ናት፣ እጇ ግን ከሥራ አይፈታም። ስለዚህ ሕፃኗ ከአንዷ ሠራተኛ ጀርባ ወደ ሌላዋ፣ ከዚያም ወደ ደንበኛ ጭን ስትዘዋወር ሦስት ዓመት ሞላት። ለመጣው ሁሉ ፈገግ ትላለች፤ ለሄደው ሁሉ «ቻው» ትላለች። «ሥራ አስኪያጇ» የሚል ስም ወጣላት። አታለቅስም፣ አትነጫነጭም። «እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ይስጠን!» ይላል ያያት ሁሉ። ጨዋነት መሰላቸው፣ ሞኞች!

እናት ከጓዳ አልጋ ተሰጣትና ከልጇ ጋር መኖር ጀመረች። ፀጉሯን ስታበጥራት ልጅቷ «አመሰግናለሁ» ብላ ትነሳና የማታውቀው ሰው ጭን ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። አንድ ቀን መጋረጃ ሊያሳጥብ የመጣ ሾፌር «ይዤሽ ልሂድ?» ብሎ ቢቀልድባት፣ «እሺ» ብላ ጫማዋን ፍለጋ ሄደች። ቤቱ አሁንም ሳቀ። እናት ግን ክው አለች።

ያን ዕለት እህቷን ጓዳ ጠርታ «አንቺው አሳድጊያት» አለቻት። «እኔ ለሷ አንድ ደንበኛ ነኝ።»

«እኔንስ መች ለየችኝ?» አለች እህትየው፣ የምታጥፈውን አንሶላ እጇ ላይ እንደያዘች። «ሰው ወዳድ ናት እያልኩ ስኮራ! ለካ ከሁሉም ጋር የሆነችው የኔ የምትለው ሰው ስላጣች ነው። የኔ ጥፋት ነው፣ እህቴ።» ከዚያ እንባዋን በአንሶላው ጠርጋ ወጣችና ሠራተኞቹን ሰብስባ አዘዘች፤ ከዛሬ ጀምሮ ልጅቷን ከእናቷ በቀር የሚያበላ፣ የሚያጥብ፣ የሚያስተኛ እንዳይኖር። አኮረፉ። እሷ ምን ቸገራት፣ ያኩርፉ!

ወራት አለፉ። እናት አበላች፣ አጠበች፣ እሹሩሩ አለች። ልጅቷ እንደ ወትሮዋ ጨዋ ናት። ከዚያ እናት ለምርመራ ወደ ሆስፒታሉ ተመልሳ አንድ ሌሊት ማደር ግድ ሆነባት። በልቧ ቆርጣለች፤ ስትመለስ ልጅቷ እንደማንኛውም እንግዳ ከተቀበለቻት፣ ለእህቷ ትታት ሌላ ከተማ ሥራ ልትፈልግ። በር ላይ ልጅቷ «ቻው» አለቻት፣ በፈገግታ። እናት ሆድ ይፍጀው ብላ ሄደች።

በማግስቱ ከሰዓት ስትመለስ ቤቱ በደንበኛ ጢም ብሏል። ልጅቷ አየቻት። ፈገግታ የለ፣ ሰላምታ የለ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«የኔ ቆንጆ፣ መጣሁ እኮ» አለች እናት በርከክ ብላ።

ልጅቷ ዞረችና ፊቷን በጥፊ አለቻት! ከዚያ ተተኩሶ የተደረደረውን ሸሚዝ በሙሉ ከጠረጴዛው ጎትታ ወለል ላይ በተነችው፤ ረጋገጠችው። ደም ሥሯ እስኪገታተር ጮኸች። «ለምን ሄድሽ! ለምን ሄድሽ!»

«ኧረ ይቺን ልጅ ምን ነካት?» አሉ ደንበኞቹ።

አክስትየው «ነውር!» እያለች እየሮጠች ብትመጣ፣ እናት እጇን ዘርግታ አስቆመቻት። «ተያት! በናትሽ ተያት!»

ካውያዎቹ ሁሉ ቆሙ። እናት ጉንጯ እየተቃጠለ ልጇን አፍጥጣ ታያለች። የፈጣሪ ያለህ! በዚህ ቤት ስንት ሰው ወጥቶ ገብቷል፤ ይቺ ልጅ ማንንም ለምን ሄድክ ብላ አታውቅም። ማንንም!

«ትናንት ማታ እራት እምቢ ብላ በሩን ስታይ አመሸች» አለች አክስት።

«የኔስ ሸሚዝ?» አለ አንድ ሰውዬ።

«ነገ ይምጡ» አለችው አክስት እያለቀሰች።

ልጅቷ አልበረደላትም። በአንድ እጇ የእናቷን ደረት ትደበድባለች፤ በሌላው ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ፣ አለቅም ብላለች።