የሐሙስ ማኅበርተኞችና የወንድሜ እርሳስ

ወንድሜ ኤባሪስቶ በሞተ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሐሙስ ማኅበርተኞች ሊያጽናኑኝ መጡ። ማለቴ፣ ግድግዳዬን ሊለኩ መጡ። ጠበቃም ገጣሚም የሆነው ዶክተር ኡርኪዬታ ካፖርቱን ሳያወልቅ ከኪሱ ሜትር አወጣ። ኦኖፍሬ የሜትሩን ሌላ ጫፍ ያዘለት። ዴልፊና ብቻ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። 

እነዚህ ሰዎች ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ፣ በወንድሜ መጽሐፍ መደብር ጓዳ ተሰብስበዋል። ኮሪየንቴስ ጎዳና ላይ ካፌ ሞልቷል፤ ካፌ ግን አንድ ነገር ማዘዝ ይጠይቃል። ኤባሪስቶ ዘንድ ምድጃው በነጻ፣ በቀሰም የሚመጠጠው የቅጠል ሻይ ማቴው በነጻ፣ አድማጩም በነጻ ነበር። ዘጠኝ ናቸው። አንዱ ተነሥቶ ሲያነብ ስምንቱ የየራሳቸውን ወረቀት ያገላብጣሉ፤ ሲጨርስ "ድንቅ ነው" ይሉታል። ወንድሜ በሩ ሥር ቆሞ ትኩስ ውሃ እየጨመረ ማቴውን ያዞርላቸዋል። በመጨረሻው ሐሙስ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ተነሥቶ ምድጃቸውን አነደደ። ዶክተሩ ንባቡን አቋርጦ፣ "ኤባሪስቶ፣ ሳልህ እኮ ምቱን አበላሸብኝ" አለው። በሳምንቱ ቀበርነው።

"ሰሌዳው ከነሐስ ነው የሚሠራው" አለኝ ዶክተሩ ሜትሩን እያጠፈ። ከዚያ ከወረቀት አነበበልኝ። «በዚህ ቤት የሐሙስ ማኅበር ገጣሚዎች ለዚህች ከተማ ዘመሩ።» ከሥሩ ዘጠኝ ስም። የሱ ስም መጀመሪያ።

"ኤባሪስቶስ?" አልኩ።

"ዶና ነሊዳ፣ ነፍሱን ይማረውና ኤባሪስቶ ወርቅ የሆነ ሰው ነበር። ሰሌዳው ግን የጸሐፊዎች ነው።"

"ግድግዳውስ የማን ነው?"

"የርስዎ ነው እንጂ። ፊርማዎን የፈለግነው ለዚሁ አይደል።"

"አንድ ቀን እንኳ ጽፎ አያውቅም እኮ" አለ ኦኖፍሬ። "እነዚያን ካልቆጠርን።"

በአገጩ ግድግዳውን አሳየኝ። ወንድሜ የለጠፋቸው ማስታወቂያዎች ናቸው። «ጃንጥላ መጽሐፍ ላይ አይንጠባጠብ።» «ለመሞቅ የመጣ ሰው ቢያንስ አንድ መጽሐፍ ይዞ ይሙቅ።» ሁሉም በአረንጓዴ እርሳስ። በሌላ አይጽፍም ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ "ቀዩ የአስተማሪ ነው፣ ጥቁሩ የደራሲ" ብሎኛል።

አስብበታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። እውነቱን ለመናገር የማስበው ነገር አልነበረም። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የወንድሜ ስም እዚያ ነሐስ ላይ እንዲሆን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሦስት ዓመት ነው፤ የቀረውን ከዚያ ጓዳ መደርደሪያ ላይ እያነሣሁ ራሴ ነኝ የተማርኩት። ስለ ግጥም ከነሱ ጋር አልከራከርም። ሠላሳ አንድ ዓመት ምድጃ ያነደደ ሰው ግን አንድ መስመር አያንሰውም።

በማግስቱ ጓዳውን ሳጸዳ ጥግ ላይ ያለውን መጋረጃ ገለጥኩት። ራሴ የሰፋሁት መጋረጃ ነው። ኤባሪስቶ "ከኋላው እርጥበት አለ፣ እንዳትነኪው" ይለኝ ነበር። እርጥበት የለም። መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ የማኅበርተኞቹ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ከመጻሕፍቱ ጎን የዳቦ ቢላዬ። በዚያ ቢላዋ የተነሣ ጎረቤቴን ሦስት ዓመት ጠርጥሬያታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐሙስ ሰዎች ሲያሳትሙ በድሮው ወግ ካልሆነ አይሆንላቸውም፤ የታጠፈው ወረቀት ጠርዙ ሳይቆረጥ ነው የሚጠረዘው። አንባቢው ቢላዋ ይዞ ገጹን አንድ በአንድ እየከፈተ ማንበብ አለበት። ክብር ነው ይላሉ። ያላነበበውም ሰው በዚያው እንደሚታወቅ አላሰቡም። ከዚያ እርስ በርስ ይሰጣጣሉ። አንዱን አንሥቼ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። «ለነፍስ ወንድሜ ለኦኖፍሬ። ያለ አንተ ይህ መጽሐፍ ባልተወለደ ነበር። ኡርኪዬታ።» ውስጡ ትንሽ ወረቀት አለ፤ በወንድሜ አረንጓዴ እርሳስ፣ «መናፈሻው፣ እሑድ። በተሰጠ በስምንተኛው ቀን» ይላል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ኤባሪስቶ እሑድ እሑድ "አየር ልቀበል" እያለ ይወጣ ነበር። ለካ መናፈሻው ውስጥ ያሉትን የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየዞረ፣ እነዚህ ሰዎች የሸጡትን የነፍስ ወንድሞቻቸውን መጽሐፍ ሲለቅም ኖሯል። ደራሲው ሲያልፍ የገዛ ፊርማውን አስፋልት ላይ እንዳያይ ብሎ። ለቅሞ ደግሞ ዝም አላለም። በቢላዬ እየከፈተ አንብቧል። ሁሉንም። በየገጹ ዳር ጽፏል። ዶክተሩ ስለ ባሕር በገጠመው ላይ፣ «ከተሳፈርን አራተኛ ገጻችን ነው፤ የብስ አይታይም።» ሁለት ገጽ አለፍ ብሎ፣ «ይህች መስመር ጥሩ ናት። ከየት አመጣት?»

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ያው የሚሆነው ሆነ። ፊቴን ታጥቤ ለዶክተሩ ደወልኩ።

"እፈርማለሁ" አልኩት። "አንድ ነገር ብቻ። የፊት ሐሙስ ስትመጡ እያንዳንዳችሁ ጓደኛችሁ የሰጣችሁን መጽሐፍ ይዛችሁ ኑና አንዳንድ ገጽ አንብቡ። ኤባሪስቶ ደስ ይለው ነበር።"

"እንዴት ያለ ግሩም ሐሳብ ነው፣ ዶና ነሊዳ። ለሁሉም አሁኑኑ እነግራለሁ" አለ። ከዚያ ለሐሙስ ስንት ቀን እንደቀረ ጠየቀኝ።

ሰኞ ኦኖፍሬ አንገትጌውን ቀና አድርጎ ገባ። መናፈሻውን ሲዞር እንደዋለ ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ይናገራል።

"ዶና ነሊዳ፣ እንዲያው በአጋጣሚ የኡርኪዬታ መጽሐፍ ይኖርዎት ይሆን? የባሕሩ።"

"የርስዎስ የት ሄደ?"

"የኔማ አለ። እኅቴ ተውሳኝ ኮርዶባ ይዛው ሄደች እንጂ።"

"እኅት አለችዎት እንዴ?"

"የአክስቴ ልጅ ናት።"

በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በሲባጎ አስሬ ሰጠሁት። ማክሰኞ ዶክተሩ መጣ፤ ጣሪያው አፍስሶ ከቤተ መጻሕፍቱ ሁሉ የዴልፊናን መጽሐፍ ብቻ አበስብሶበታል። ረቡዕ አንዱ ውሻ ቀዶበት፣ ሌላው ሌባ ገብቶበት መጣ። ግጥም ብቻ መርጦ የሚሰርቅ ሌባ። ከዴልፊና በቀር ስምንቱም መጡ፣ ስምንቱም ጥቅልላቸውን ይዘው ሄዱ። ቤታቸው ሲፈቱት የገዛ ስማቸው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጠብቋቸዋል፤ እኔ እንደማውቅ ያን ጊዜ አውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ግን አልገለጡም። ይህን እምላለሁ። ገልጠው ቢሆን ኖሮ ሐሙስ ይዘውት አይመጡም ነበር።

ሐሙስ ምድጃውን እኔ አነደድኩ። ዴልፊና ባዶ እጇን መጣች።

"ሸጬዋለሁ" አለችኝ በር ላይ። "ቤት ስቀይር። ሳልከፍተው። ውሸት ላሰናዳ ነበር፤ ሰነፍኩ።"

መጀመሪያ ኦኖፍሬ የባሕሩን ግጥም አነበበ። ዶክተሩ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፤ ገጹን ደግሞ ለማየት መጽሐፉን ከእጁ ተቀበለው። ዳሩ ላይ ያለውን አየ። አገላበጠ። ፊቱ ተለወጠ።

"ኦኖፍሬ" አለ። "ገጽ በገጽ አንብበኸኛል።"

ኦኖፍሬ ወደ እኔ አየ። እኔ ማቴው ላይ ውሃ እያፈሰስኩ ነበር።

"ያው፣ ደጋግሜ" አለ።

ዶክተሩ ተነሥቶ አቀፈው። እውነተኛ እንባ ነበር ያነባው፤ ይህን አልክደውም። "ስሙ እስቲ፣ 'የብስ አይታይም' ይለኛል። ምን ያለ ምላስ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ያነበበኝ አይመስለኝም ነበር" አለ። ኦኖፍሬ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት።

ዴልፊና እጇን ዘረጋች። "የኔን ደግሞ አምጣው፣ ዶክተር።"

ሰጣት። ገለጠችው። አንዱ ገጽ ላይ ቆመች፤ በኋላ አሳይታኛለች። እናቷ ስለሞተችበት ቀን የጻፈችው ነው። ዳሩ ላይ፣ «እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀምጬ መስኮቱ ጋ ሄድኩ» ይላል። ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ያለው የጃንጥላው ማስታወቂያ ነው። እሱን አየች። ገጹን አየች።

"ዶክተር፣ በአረንጓዴ እርሳስ መጻፍ የጀመርከው መቼ ነው?"

"እኔ? ሁልጊዜም" አለ።

"የጃንጥላዋንም አንተ ነህ እንግዲህ የጻፍካት።"

ዘጠኝ ሰው ወደ ግድግዳው ዞረ። ዶክተሩ ከኦኖፍሬ ክንድ ቀስ ብሎ ወጣ። በዚያ ጓዳ ውስጥ አንድ ሰው ተናግሮ ሌሎቹ ወረቀት ያላገላበጡት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ የሰሌዳውን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።

"አንድ መስመር ይጨመራል" አልኩ። ማንም አልተከራከረም።

ዴልፊና መጽሐፉን ልትወስደው ጠየቀች። "ውሰጂው፣ ውሰጂው" አላት ዶክተሩ። ለሁለተኛ ጊዜ ተገላገለው።

ሰሌዳው በኅዳር ደጁ ላይ ተሰቀለ። ከዘጠኙ ሥር፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ኤባሪስቶ ላንዳቡሩ፣ አንባቢ» ይላል። 'አንባቢ' የሚለውን ያስጨመረችው ዴልፊና ናት። የቀሩት የተስማሙት ፈርተውኝ ነው፤ ነሐስ ግን ለምን እንደተጻፈበት አይናገርም። ዶክተሩ "ነገሩ በመካከላችን ይቅር" ብሎ ለምኖኛል። እንደምታዩት አክብሬዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቅና የሎሚ ቅራፊ ይዤ እወጣለሁ። የታችኛዋ መስመር እንደ አዲስ ታበራለች። ከላይ ያሉት ዘጠኙ የመኪና ጭስና ዝናብ እየጠጡ አረንጓዴ ሆነዋል፤ ሁለቱን ማንበብ እንኳ ያስቸግራል። በቀደም ዶክተሩ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየኝ።

"ዶና ነሊዳ፣ ወደ ላይም ትንሽ ቢወለውሉልን?"

"ክንዴ አይደርስም፣ ዶክተር" አልኩት።