የድንጋይ ጥጥ

መጀመሪያ የተሰማው ሳሉ ነው። ከደረጃው ግርጌ አንዴ እንደ ደረቀ እንጨት ተሰነጠቀ፤ ከኋላው ቀጭን ፉጨት ተከተለ፤ ከዚያ ዝም።

የሟቹ ሚስት ከወንበሯ ብድግ አለች። «መጣ፤ ውሃ አቀብሉኝ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ይህን ሳል ከሺህ ሳል መሃል ትለየዋለች፤ አብራው ተኝታለች፣ አብራው ነቅታለች፣ ውሃ በብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ስንት ዓመት ተቀብላዋለች። ቆማ ሳለ ነው ባሏን እንደቀበረች ትዝ ያላት። ተመልሳ ተቀመጠች።

በሩን ገፍቶ የገባው ወስፌ ነበር።

ወስፌ የባሏ የልብ ጓደኛ ነው። ባሏ በባቡር ጥገና ወርክሾፑ የእንፋሎት ቧንቧ ሲሸፍን፣ እሱ እዚያው ጎን የመንገደኛ ወንበር ይሰፋ ነበር፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። አሁን አለቃ ሆኗል። የድርጅቱን ሰማያዊ ኮት ከነአርማው ለብሶ፣ ዝናብ ትከሻውን አርሶት፣ ደፉ ላይ ቆመ። ቤቱን ሞልቶ የነበረው ሹክሹክታ እንደተዘጋ ሬዲዮ ጠፋ።

ሁሉም ያውቃላ። ባሏ በወርክሾፑ አቧራ ሳንባው ሲደርቅ ድርጅቱን ከሶ ነበር። ወስፌም ችሎት ቀርቦ፣ ምሎ፣ «አስቤስቶስ የሚባል ነገር በወርክሾፓችን አይቼ አላውቅም። ጓደኛዬ ግን ሲጋራ ያጨስ ነበር» ብሎ ለድርጅቱ መሰከረ። ባሏ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ሰማው። ቤት ሲገቡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ሆድ ይፍጀው» አለ፤ ከዚያ ወዲያ የወስፌን ስም አላነሳም። ክሱ ሳያልቅ እሱ አለቀ። ክሱንም፣ «ራሱን በሲጋራ የገደለ» የሚለውንም ስም፣ ሚስቱ ወረሰቻቸው።

«እግዜር ያጽናሽ» አለ ወስፌ።

«እርስዎንም ያጽናዎት።»

ቤቱ ይህንንም ሰማ። «አንተ ወስፌ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትበላ መጣህ?» እያለች ስትቀልድበት የኖረች ሴት ናት። ትናንት «አንተ» የተባለ ሰው ዛሬ «እርስዎ» ሲባል ክብር አይደለም፤ አጥር ነው። ወስፌም አጥሩን ሳይነካ ቆመ።

«ሰው ለቅሶ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚቀበሉት?» አለች የሟቹ ታላቅ እህት፣ ከተቀመጠችበት ጥግ። «ና ወንድሜ፣ እኔ ጋ ቁጭ በል። እውነት መናገር ነውር የሆነበት ቤት ነው። ወንድሜን ሲጋራው እንደበላው ለእኔስ መች ጠፋኝ? ከሱቅ እየገዛች የምታቀብለውም ይህቺው ነበረች።»

«እትዬ፣ በናትሽ ተይኝ።»

«ልተውሽ? አንቺስ ወንድሜን ተውሽልኝ?»

ወስፌ ከእህትየው አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ ሰጡት። ፉት ሳይል ሳሉ ያዘው፤ ብርጭቆው በሳህኑ ላይ ተንቀጫቀጨ። ሲያበቃ ደረቱ ውስጥ ያ ፉጨት ቀረ፤ ሳል ካለቀ በኋላ ለብቻው የሚጮኸው።

«ምን ሆነው ነው?» አለች የሟቹ ሚስት።

«ጉንፋን ነው።»

«ጉንፋን! የእሱም ሲጀምረው ጉንፋን ነበር። ለመሆኑ ሲጋራ ያጨሳሉ?»

ወስፌ መሬት መሬቱን አየ።

«ሰው ይስማዎት እንጂ። ያጨሳሉ?»

«አጭሼ አላውቅም።»

«እኮ!»

በሩ አጠገብ የተቀመጠው ጡረተኛ ትኬት ቆራጭ «ይቺስ ከጠበቃዋም ትብሳለች» ብሎ ለጎረቤቱ ሹክ አለ። ሁለቱም ሳቃቸውን በሻያቸው ዋጡት። እሷ ግን አልሳቀችም። ተነስታ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች።

እዚያ አልጋው ስር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ትራስ አለ።

ትራሱ የሠርጋቸው ቀን ስጦታ ነው። ያኔ ወስፌ ቀጭን ጎረምሳ ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ ቧንቧ የሚሸፈንበት ነጭ ነገር በጆንያ ተከምሮ ይውላል፤ በችሎት አስቤስቶስ የተባለውን ሠራተኞቹ «የድንጋይ ጥጥ» ይሉታል፤ ከድንጋይ ወጥቶ እንደ ጥጥ ይለሰልሳልና። ምሳ ሰዓት ላይ እየተጠቀጠቁ ይተኙበታል። እየጨበጡ ይወራወሩበታል። ማታ ወደ ቤት ሲሉ፣ ለሚስቶቻቸው አዝነው፣ ልብሳቸው ላይ የቀረውን በንፋስ መንፊያው ቱቦ እርስ በርስ እየተነፋፉ ያራግፉታል፤ አቧራው ጣሪያ ይደርሳል፤ እነሱም መሃሉ ቆመው ይስቃሉ። ንጹሕ ሆነው መግባታቸው ነበር።

ወስፌ ከባቡር ወንበር የተረፈ አረንጓዴ ቆዳ ቆርጦ፣ በምሳ ሰዓቱ ተደብቆ ሰፍቶ፣ ትራሱን ለሙሽሮቹ አበረከተ። ሲሰጣቸው እንዲህ አለ፦ «እሳት የማይነካው፣ ብል የማይበላው ነው። ትዳራችሁም እንደሱ ይሁን።» ምርቃት መስሏቸው «አሜን» አሉ። ምን እንደሞላው አልጠየቁም፤ ስጦታ ሆዱ አይቀደድም። እሷም እስከ ቅርብ ድረስ ራሷን ያኖረችው እዚያ ላይ ነው።

ከቀብሩ ማግስት ወጣቷ ጠበቃ ልታጽናናት መጥታ፣ ከትራሱ ጥግ ሾልኮ የወጣውን ነጭ ነገር አይታ ክው አለች። «እንዳትነኪው! ይህንን ማን ሰጠሽ?» አለቻት። ላስቲኩን ራሷ ጠቀለለች። ስትወጣም «ድርጅቱ 'ከገበያ የገዛሽው ነው' ይልሻል። የአንቺ ቃል ብቻ አይበቃም፤ የሰፋው ሰው ያስፈልገናል» ብላት ሄደች።

ሚስቱ ትራሱን አቅፋ ተመለሰች። ወስፌ ፊት ለፊት ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ያውቁታል?»

ላስቲኩ ውስጥ አረንጓዴው ቆዳ ወዝቷል። በዙሪያው ስፌቱ ይታያል፤ እያንዳንዱ መርፌ ሦስት ጣት አውጥቶ በመሃል የታሰረ፣ እንደ ዶሮ እግር ያለ ስፌት። ወስፌ አየው። አይቶም፣ ሳያስበው ይመስላል፣ ቀኝ እጁ ተነስቶ የግራ ክርኑን ሸፈነ።

«ስንት ዓይነት ትራስ አለ» አለ። «አሮጌ ነገር ነው። አርቀሽ ጣይው። ለጤናሽም…»

ቃሉን ዋጠው። ግን የወጣው ወጥቷል።

«ለጤናዬ ምን?» አለች። «ይጨርሱት እንጂ! ወርክሾፑ ውስጥ አይተውት የማያውቁት ነገር ለጤናዬ ምን ያደርገኛል?»

«እኔ…»

«እኔም ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ነው ትንፋሽ የምሰበስበው። ለማንም አልተናገርኩም። እኔም አላጨስም። ቧንቧ ሸፍኜ አላውቅም። ተኛሁ እንጂ ምን አደረግሁ? እርስዎ መርቀው በሰጡኝ ላይ ተኛሁ!»

እህትየው የያዘችውን መሐረብ ከአፏ አወረደች። የወንድሟን ሚስት እንደ አዲስ ሰው አየቻት። ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ አጠገቧ ወዳለው ሰማያዊ ኮት ዞረ።

«እጅህን አንሳ» አለችው።

«እ?»

«ከክርንህ ላይ እጅህን አንሳ ነው የምልህ!»

ወስፌ እጁን አነሳ። የኮቱ ክርን ተቀዶ በሌላ ጨርቅ ተለጥፏል። ልጥፉም በዙሪያው፣ በደንብ በተወጠረ ክር፣ እንደ ዶሮ እግር ተሰፍቷል።

ትኬት ቆራጩ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። እህትየው ከወስፌ ፈቀቅ አለች፤ ትንሽ ናት፣ አንድ ስንዝር፤ ግን ሁሉም አየ።

«የድርጅቱ ቤት ነው የምኖረው» አለ ወስፌ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። «ካስወጡኝ መግቢያ የለኝም።»

«እሱም መግቢያ አላጣም» አለች የሟቹ ሚስት። «እናንተው ናችሁ ተሸክማችሁ መቃብር ያስገባችሁት።»

ወስፌ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ የመጣለት ግን ሳል ነው። ጎንበስ ብሎ ሳለ፣ እስኪያልበው ሳለ። «አይዞህ» ያለው የለም። ሲያበቃ ተነሳ። የኮቱን ቁልፎች ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ፈታ። አወለቀው። እንደ ልብስ ሰፊ አድርጎ አጠፈው፤ እጅጌው በእጅጌው ላይ፣ የተጣፈው ክርን ከላይ፣ አርማው ከጎኑ እየታየ። በትራሱ ላይ አስቀመጠው፤ የተኛ ሰው እንደሚያለብሱ ቀስ ብሎ።

ከዚያ በሸሚዙ ወጣ። በሩንም አልዘጋውም።

«ዝናብ እኮ ነው!» አለ ትኬት ቆራጩ። «ኮቱን ረሳው፤ ጥሩት!»

«አልረሳውም» አለች እህትየው፣ የትራሱንና የክርኑን ስፌት እያስተያየች።

ውጭ እርምጃው ደረጃውን ሲወርድ ይሰማል። መሃል ላይ ቆመ። ቆየ። እንደገና ወረደ። ከግርጌው ሳሉ አንዴ ተሰነጠቀ፤ ፉጨቱም ተከተለ።

የሟቹ ሚስት አልጠራችውም። ግን በሩ ላይ ቆማ ራሷን አገኘችው፤ እጇም፣ ማንም ሳያዘው፣ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዟል።